በክረምት መንገድ አደጋ የደረሰበት የእርዳታ መኪና ጉዞውን ከመቀጠሉ በፊት ስለሚደረግለት ምርመራ

50 ኩንታል እህል የጫነ አንድ አይሱዙ ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ዋጫ ሲያመራ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ አንድ ቀበሌ በሚያስገባው የአፈር መንገድ ላይ ተንሸራትቶ ከቦይ ውስጥ ገባ እንበል። የአካባቢው ገበሬዎች ገመድና መጥረቢያ ይዘው ይደርሳሉ፤ ድንጋይ ከጎማው ሥር ይነጠፋል፤ ከሰዓት በላይ ከፈጀ ድካም በኋላ መኪናው ከቦዩ ይወጣል። ሾፌሩ ዞር ብሎ ሲያየው የፊቱ ብረት ተጣሟል፣ አንድ መብራት ተሰብሯል። ሞተሩ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ይነሣል። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሆኗል፤ ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል፤ እህሉን የሚጠብቁት ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው ቆመዋል። በዚህን ጊዜ ከዙሪያው የሚሰማው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ደህና ነው፣ እንሂድ» የሚል።

ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞትበት አደጋ ግን የመጀመሪያው መንሸራተት አይደለም። መኪናው «ደህና ነው» ተብሎ ከተነሣ በኋላ በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ የሚደርሰው ሁለተኛው አደጋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሁለቱ መካከል ያለችው አንድ ሰዓት በምን ሥራ ላይ መዋል እንዳለባት ለመስክ ሠራተኞች፣ ለስምሪት ኃላፊዎችና ለሾፌሮች ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ለእርዳታ ሥራ ያለው ክብደት

በአገራችን የድርቅ ታሪክ ውስጥ የእህል እጥረት ብቻውን የችግሩ ሁሉ ምክንያት ሆኖ አያውቅም። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ከባድ ድርቅ ወቅት ከውጭ የመጣው እህል በአሰብ ወደብ ተከምሮ ሳለ፣ ወደ ተራበው ሕዝብ የሚያደርሱት የጭነት መኪናዎች ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ከዋነኞቹ መሰናክሎች አንዱ እንደነበር ይታወሳል። በዚያው ዓመትና በተከታዩ 1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የተነሡ ወደ 600 ሺህ የሚደርሱ ሰዎች በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ ዋና ከተማው ጅማ የነበረው የያኔው የከፋ ክፍለ ሀገርም ከተቀባዮቹ አካባቢዎች አንዱ ነበር። ሰፋሪው የመጣው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ነው፤ የሚበላው እህል፣ የሚያርስበት መሣሪያና የሚታከምበት መድኃኒትም የተከተለው በመኪና ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራምም በከፋ ዞን በደቻ ወረዳ ሰዎች ሲሰፍሩ ሁኔታው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በመሆኑም አንድ መኪና ከሥራ ውጭ ሲሆን የጠፋው ብረት ብቻ አይደለም። በእርዳታ አሰጣጥ ልማድ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይታሰባል። በዚህ ስሌት 50 ኩንታል፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ግራም፣ ለ333 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። ከሁለት ሰዓት የመንገድ ላይ ምርመራ የተነሣ የሚዘገይ እህል ማታ ወይም ነገ ይደርሳል። ገደል የገባ እህል ግን አይደርስም፤ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ሾፌርና ረዳትም አይመለስም።

የከፋ ክረምትና መንገዱ

በሰሜናዊው የዓለም ክፍል ክረምት ሲባል በረዶና ውርጭ ነው፤ የዚያ አገር ሾፌር የሚፈራውም በአስፋልት ላይ የሚጋገረውን በረዶ ነው። በእኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። በከፋ ደግሞ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። አፈሩ ቀይና ሸክላማ በመሆኑ ውሃ በጠጣ ጊዜ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ደኑ መንገዱን ስለሚጋርደው ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ቢወጣም ጥላ የወደቀበት ክፍል ቶሎ አይደርቅም። ማለዳና ማታ ጉም ይወርዳል። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚመጣ መኪና ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና መውጣት ግዴታው ነው፤ ከቦንጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዋጫና ወደ ሚዛን አቅጣጫ ሲኬድም ዳገቱና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል።

ዋናው መንገድ ዛሬ አስፋልት ቢሆንም፣ እህሉ የሚራገፍባቸው ቀበሌዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ከአስፋልቱ ርቀው በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ነው። ከደረቁ የአገራችን ክፍሎች የመጣ ሾፌር አቧራውን፣ አሸዋውንና የጎርፍ መውረጃውን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይችላል። የከፋን ጭቃ ግን ለማወቅ ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህን ተረድቶ ለአዲስ ሾፌር አካባቢውን የሚያውቅ ረዳት መመደብ ከአደጋ በኋላ ከሚደረግ ከማናቸውም ምርመራ የተሻለ ነው።

በመጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ መሬቱ

አደጋ ሲደርስ ከመኪናው በፊት የሚመረመረው ሰው ነው። ሞተሩ ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ወይም ትልቅ ድንጋይ ይደረጋል። በጋቢና ውስጥ የነበሩት ብቻ ሳይሆኑ፣ በጭነቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩ ሰዎች ካሉ እነርሱም አንድ በአንድ ይቈጠራሉ። ሕጉ ሰውን በጭነት ላይ ማሳፈርን ቢከለክልም በገጠር መንገድ ላይ ድርጊቱ ጨርሶ ስላልጠፋ፣ «ማንም አልነበረም» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ከጭነቱ ሥር፣ ከቦዩ ውስጥና ከዳር ካለው ቁጥቋጦ መፈለግ ያስፈልጋል። የአንገት ወይም የጀርባ ሕመም የሚሰማውን ሰው የእሳት ወይም የናዳ ሥጋት ከሌለ በቀር ያለ ባለሙያ ማንቀሳቀስ አይገባም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው መደንገጉን እያንዳንዱ ሾፌር ሊያውቀው ይገባል።

ከሰው ቀጥሎ የሚታየው መሬቱ ነው። መኪናውን ያንሸራተተው ዝናብ ከመንገዱ በላይ ያለውንም ዳገት አርሶታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳለ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ወገኖች እንደነበሩ አይዘነጋም። ይህ መራራ ትምህርት ለመንገድ አደጋም ያገለግላል። በዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ካዘመመ፣ ከዚህ በፊት ውሃ ካልነበረበት ቦታ የደፈረሰ ውሃ መፍለቅ ከጀመረ ወይም ትናንሽ ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ፣ ሰዎች በሙሉ ከስፍራው ይርቃሉ፤ መኪናውም ሆነ እህሉ እዚያው ይቆያል። የመንገዱ ጠርዝ የተሸረሸረ መሆኑንም በእግር ሄዶ በእንጨት ወግቶ ማየት ያስፈልጋል።

መኪናው ከቆመበት ሳይነሣ

መኪናውን ጎትቶ ከማውጣት በፊት ባለበት ሁኔታ በወረቀት መመዝገብና በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል። ይህ ለመድንና ለፖሊስ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የትኛው ጎን መሬት እንደነካ፣ የትኛው ጎማ ድንጋይ እንደመታ፣ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ የሚያሳየው ይኸው ምስል ስለሆነ፣ መካኒኩ በኋላ የሚመረምረውን ክፍል ይጠቁመዋል። የነዳጅ ሽታ ካለ ማንም ሲጋራ አያጨስም፤ የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይነቀላል።

በመጎተት ጊዜ ካቴና ወይም የብረት ገመድ የሚታሰረው በሻንሲው ላይ ባለው መጎተቻ እንጂ በፊቱ መከላከያ ብረት፣ በመሪው ዘንግ ወይም በባሌስትራው ላይ አይደለም። በመጀመሪያው አደጋ ያልተጎዳ መሪ፣ በተሳሳተ ቦታ ታስሮ በመጎተቱ ብቻ ሊጣመም ይችላል። ተወጥሮ የተበጠሰ የብረት ገመድ ሰው የመቁረጥ ኃይል ስላለው፣ ለመርዳት የመጡ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቀው እንዲቆሙ ማድረግ የሾፌሩ ኃላፊነት ነው።

ከሥር የሚንጠባጠበው

መኪናው በደልዳላ ቦታ ከቆመ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሥሩን ማየት ነው። በክረምት ግን ሁሉ ነገር እርጥብ ስለሆነ የዝናብ ውሃንና ከመኪናው የሚፈስሰውን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ደረቅ ካርቶን፣ እርሱ ካልተገኘም በከፋ ከየጓሮው የማይጠፋውን የእንሰት ቅጠል በጨርቅ ጠርጎ ከሞተሩ፣ ከካምቢዮውና ከእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን ሥር ማንጠፍና ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ የወደቀው ጠብታ በጣት ተነክቶ ይሸተታል።

ጥቁር ወይም ቡናማና የሚያሟልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ወፍራምና ከባድ ሽታ ያለው ከሆነ ከካምቢዮ ወይም ከዲፈረንሻል የመጣ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ከራዲያተር ነው፤ መርዛማ ስለሆነ አይቀመስም። ቀጠን ያለ፣ ቢጫማና በጎማው ውስጠኛ ጎን ወይም ከፔዳሉ አጠገብ የሚታይ ከሆነ የፍሬን ዘይት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ናፍጣ በሽታው ይታወቃል። ከእነዚህ ሁሉ በጣም አስጊው ትንሹ ነው። የሞተር ዘይት ጥቂት ቢንጠባጠብ እየጨመሩ ወደ ጋራዥ መድረስ ይቻል ይሆናል። የፍሬን ዘይት አንዲት ጠብታ ግን ለማቆም በቂ ምክንያት ናት፤ ምክንያቱም ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ቀዳዳው በከፍተኛ ግፊት ይሰፋል።

ጎማ፣ ባሌስትራና ሻንሲ

ጎማ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ጎኑም ይታያል። ጭቃው በውሃና በእንጨት ተጠርጎ መጽዳት አለበት፤ ጭቃ የሸፈነውን ስንጥቅ ዓይን አያየውም። በጎኑ ላይ መቆረጥ ወይም እንደ ዕባጭ ማበጥ ከታየ ነፋሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው መለወጥ አለበት። ቸርኬው ተጣሞ እንደሆነ በጠርዙ ዙሪያ እጅ በማዞር ይታወቃል። ሁለት ሁለት ሆነው በተገጠሙት የኋላ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ ይወጣል። የጎማ ብሎኖች በሙሉ በቁልፍ ይፈተሻሉ፤ በብሎኑ ዙሪያ የተላጠና የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም የዝገት ጅረት መታየቱ መላላቱን ያመለክታል።

ባሌስትራው ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የተሰበረ ቅጠል መኖሩ ነው። ሁለተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ቅጠሎቹን ከመሐል አያይዞ የሚይዘው ብሎን መቆረጡ ነው። ይህ ብሎን ሲቆረጥ ጎማዎቹን የሚይዘው አክስል ከቦታው ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል፤ መኪናውም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ገመድ ይበቃል። የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ሳለ፣ በግራ በኩል ከፊተኛው ጎማ መሐል እስከ ኋለኛው ጎማ መሐል ያለው ርቀት በገመድ ተለክቶ በቋጠሮ ምልክት ይደረግበታል፤ ያው ገመድ በቀኝ በኩል ይለካል። በግልጽ የሚታይ ልዩነት ካለ አክስሉ ተንቀሳቅሷል ወይም ሻንሲው ተጣሟል ማለት ነው። ሻንሲው ራሱ በተለይ ከጋቢናው ጀርባና ባሌስትራው በሚታሰርባቸው ቦታዎች ላይ ተጠርጎ ይታያል፤ አዲስ ስንጥቅ በቀለሙ መላጥ ይታወቃል። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ወደ አንድ ጎን አዝምሞ የሚቆም ከሆነም ምክንያቱ ሳይታወቅ አይነሣም።

መሪና ፍሬን

መሪውን የሚመለከተው ምርመራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በጋቢና ሆኖ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከውጭ ሆኖ ጎማው መቼ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር ይመለከታል። መሪው ከቀድሞው የበለጠ ባዶውን የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ የመሪው ክብ ያዘመመ ከሆነ፣ መሪውን ከጎማ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ተጣመዋል ወይም መጋጠሚያዎቻቸው ላልተዋል። የተጣመመን ዘንግ በእሳት አግሎ በመዶሻ አቅንቶ መጓዝ በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ብረቱን ስለሚያዳክመው ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

ፍሬን እንደ ዓይነቱ ይመረመራል። በዘይት ለሚሠራ ፍሬን፣ ፔዳሉ ተረግጦ አንድ ደቂቃ ያህል ይያዛል። ከእግር ሥር ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰጥም ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ እያፈሰሰ ነው፤ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቶበታል። በነፋስ ለሚሠራ የትላልቅ መኪናዎች ፍሬን፣ ነፋሱ እስኪሞላ ሞተሩ ይሠራና ይጠፋል። ከዚያ ፔዳሉ ተረግጦ እንደተያዘ መለኪያው ይታያል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ0.2 ባር በላይ የሚወርድ ከሆነ ነፋስ ይወጣል ማለት ነው። ረዳቱም ከሥር ሆኖ የሚሰማውን ፉጨት ይከተላል። የጎማ ቱቦዎቹ በድንጋይና በእንጨት የሚቀደዱት ብዙውን ጊዜ መኪናው ከቦይ ሲወጣ ስለሆነ፣ ምርመራው የሚደረገው መኪናው ከወጣ በኋላ ነው።

በውሃና በጭቃ ውስጥ ያለፈ የፍሬን ሸራ ለጥቂት ጊዜ ደካማ ይሆናል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ በቀስታ እየነዱ ፔዳሉን ለስለስ አድርጎ ደጋግሞ በመርገጥ ይደርቃል። የሚደርቀው ግን በደልዳላ መንገድ ላይ እንጂ በቁልቁለት ላይ አይደለም።

ውሃ የገባበት ወይም የተገለበጠ መኪና

ሞተሩ ውስጥ ውሃ ሳይገባ እንዳልቀረ ሲጠረጠር ቁልፉ አይነካም። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ በሲሊንደር ውስጥ የገባ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞተሩ ሲነሣ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ ሊያጣምመው ይበቃል። በቅድሚያ የአየር ማጣሪያው ተከፍቶ ይታያል፤ ደረቅ ከሆነ ተስፋ አለ፤ እርጥብ ከሆነ መካኒክ መጠበቅ ግዴታ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ሲታይ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎበታል። በካምቢዮና በዲፈረንሻልም እንዲሁ በመተንፈሻቸው በኩል ውሃ ሊገባ ስለሚችል፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የቆመ መኪና በማግስቱ የእነዚህም ዘይት መታየት አለበት። በዚያን ዕለት ምንም ምልክት ሳይሰጥ ከወር በኋላ ኩሽኔታ የሚያቃጥለው ይህ ውሃ ነው።

በጎኑ ተኝቶ የተነሣ የናፍጣ መኪናም ወዲያው አይነሣም። ተኝቶ ሳለ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ይፈስሳል። በዚህ ሁኔታ ከተነሣ ወይ ይሰበራል፣ ወይም ነዳጁ ቢዘጋ እንኳ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ከቁጥጥር ውጭ ይሮጣል። ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪወርድ መጠበቅ፣ መጠኑን ማየት፣ ከዚያም ባለሙያ ሞተሩን በእጅ አዙሮ ነጻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጭነቱ

በመንሸራተት ጊዜ ጭነት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። በአንድ ጎን የከበደ መኪና ደግሞ በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ የተዘጋጀ ነው። ሸራው ተገልጦ ከረጢቶቹ እንደገና መደርደር አለባቸው፤ የካሶኒው መዝጊያዎችና ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ይታያሉ። ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና የሚዛወር ከሆነ፣ ቆጠራው የሚደረገው የቀበሌው ተወካይ ባለበት ሆኖ የደረቀው፣ የረጠበውና የተቀደደው ተለይቶ ይመዘገባል። ይህ ሾፌሩን ከሐሰት ክስ፣ እህሉንም ከብክነት ይጠብቃል። የረጠበ እህል ከደረቀው ጋር ከተከመረ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊፈጥር ስለሚችል፣ ተለይቶ ሳይደርቅና በባለሙያ ሳይታይ ለተረጂ መታደል የለበትም።

የሙከራ ጉዞ

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ ያለ እንከን ካለፈ የሙከራ ጉዞ ይደረጋል። በጋቢናው ከሾፌሩ በቀር ሰው አይኖርም፤ ቦታውም ደልዳላ ይሆናል። በመጀመሪያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሦስት ጊዜ ፍሬን ይያዛል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደሆነ ይታያል። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ የኋላ ጎማዎች የፊተኞቹን ዱካ መከተላቸውን ይመለከታል፤ የክረምት ጭቃ እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ዱካውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መብራቶች፣ ፍሬቻና የዝናብ መጥረጊያ መሥራታቸው ይረጋገጣል። ዝናብ በሚዘንብበት አገር መጥረጊያ የሌለው መኪና ዓይን እንደሌለው ይቆጠራል።

ከአምስት ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ቆሞ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሐል በማስጠጋት ሙቀቱ ይመዘናል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ከሆነ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው ተጎድቷል። የተነካካ ጎማ ብሎን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደገና ይጠብቃል።

ሦስቱ ውሳኔዎች

ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛ፣ ጉዳቱ በቆርቆሮ፣ በቀለም ወይም በአንድ ቀን ብርሃን በማያስፈልግ መብራት ላይ ብቻ የተወሰነ ከሆነ፣ መኪናው ጨለማ ሳይሆን ጭነቱን ይዞ ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛ፣ አነስተኛ የሞተር ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ መንጠባጠብ፣ አንድ የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል ወይም ይህን የመሰለ ጉዳት ከታየ፣ መኪናው ጭነቱን አራግፎ ባዶውን፣ በቀን፣ በዝግታና በሌላ መኪና ታጅቦ በአቅራቢያው ወዳለው ጋራዥ ብቻ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ የመሪ መላላት ወይም መጣመም፣ የፍሬን ዘይት ወይም የነፋስ መፍሰስ፣ የአክስል መንቀሳቀስ፣ የሻንሲ ስንጥቅ፣ የነዳጅ መፍሰስ፣ በዘይት ውስጥ የተገኘ ውሃ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ከታየ መኪናው አይንቀሳቀስም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የኃላፊው ድርሻ

በመጨረሻ መታወቅ ያለበት፣ ይህ ሁሉ ምርመራ በሾፌሩ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አለመሆኑን ነው። ሾፌሩ መኪናው መቆም እንዳለበት እያወቀ የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ከቢሮ የሚደርሰውን ወቀሳ ፈርቶ ነው። «እህሉ ዛሬ መድረስ አለበት» የሚለው የስልክ ትእዛዝ የሚነገረው ቁልቁለቱን ከማያየው ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የስምሪት ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ቢወስን መልካም ነው። አንደኛው፣ ከአደጋ በኋላ መኪናን የማቆም ሥልጣን የሾፌሩ እንዲሆንና በዚህም እንዳይጠየቅበት በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው፣ ታኮ፣ ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ገመድ፣ ባትሪ መብራት፣ የአንደኛ እርዳታ ሣጥንና አጭር የምርመራ ቅጽ ሳይኖረው በክረምት መኪና እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ እህሉ በዚያን ዕለት ባይደርስ በአቅራቢያው ካለ መጋዘን ወይም ከሌላ ቀበሌ ለጊዜው የሚተካበትን መንገድ ማዘጋጀት ነው። መተኪያ የተዘጋጀለት ጭነት ሾፌሩን አያስቸኩለውም።

አሁን ወደ መነሻው አይሱዙ እንመለስ። ሾፌሩ «እንሂድ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ከመነሣት ይልቅ ሞተሩን አጥፍቶ ታኮ አድርጎ፣ ከፊተኛው ግራ ጎማ ሥር የእንሰት ቅጠል ቢያነጥፍ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ በቅጠሉ ላይ ሁለት ቢጫማ ጠብታ ያገኛል እንበል። እህሉ በገበሬዎቹ ትከሻና በሌላ መኪና ተጭኖ በማግስቱ ጠዋት ይደርሳል፤ የተሰለፉት ሰዎችም አንድ ሌሊት በችግር ያድራሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የራበው ሰው አንድ ሌሊት ረጅም ነው። ነገር ግን እነዚያን ሁለት ጠብታዎች ሳያይ ወደ ቁልቁለቱ የወረደ መኪና ለዚያ ሰልፍ በማግስቱም ሆነ በሳልስቱ ምንም አያደርስለትም።